ክፍት መስመር

ዳንጉዎሌ ነው ስሜ፣ ከሰማይ የተቀዳ፤
ሥራዬም ሰማይ ነው፣ ወደቡ ክላይፔዳ።
አርባ ሜትር ሽቅብ፣ ወንበር ላይ ታስሬ፣
ባሕሩን፣ መርከቡን ከእግሬ ሥር ደርድሬ፣
የሰው አገር ዕቃ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ፤
ክብደቱን አውቃለሁ።

ክሬኑ ይነግረኛል፤ ቁጥሩ ይበራል፤
ሃያ ስድስት ቶን፣ ሠላሳ ቶን ይላል፤
ካለፈም ይጮኻል፣ ቀይ መብራት አለው፤
የእኔ ደረት ብቻ አንድም የሌለው።

የጀመረኝ ያኔ ነው፣ በረዶው ሲቀልጥ፣
ጎረቤት ካፖርቱን አውልቆ ሲሯሯጥ፤
እኔ አልጋዬ ጫፍ፣ አንድ ካልሲ እግሬ ላይ፣
ሌላው በእጄ እንዳለ፣ ግድግዳ ግድግዳ ሳይ።

ሐዘን አልነበረም። ሐዘን እንኳ ደግ ነው፤
ቀብር አለው፣ ቀን አለው፣ ደራሽ ሰው አለው።
ይሄ ግን እርጥበት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣
ቀለሙን ሳይነካ እንጨቱን ይበላል።

እናቴ "ምን ጎደለሽ?" ብላ ቆጠረችልኝ፦
ደሞዝ፣ ቤት፣ ሁለት ልጅ። እውነቷን ነው፣ አለኝ።
ሁሉም አለኝ እኮ። እሱ ነው የከፋው።
ባዶ ኪስ ይሞላል፤ ሙሉ ኪስ ምን ይሙላው?

ሐኪሟ ስም ሰጠችው፤ "ድባቴ ነው" አለች፤
"ጭንቀትም አብሮታል" ብላ ወረቀት ጻፈች።
ብናገር፣ ፈቃዴን፣ እንጀራዬን ሊቀሙኝ!
ወረቀቱን አጥፌ ጓንቴ ውስጥ ከተትሁት፤
ሆድ ይፍጀው ብዬ ለሆዴ ሰጠሁት።

ሆድ ግን አልፈጀውም። እሱ ሆዴን ፈጀው።

ያን ሌሊት፣ ኖቬምበር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ብርቱካናማ ኮንቴይነር አየር ላይ አንጠልጥዬ
እጄ ቆመ።
እጀታውን አያለሁ፤ እጄን አያለሁ፤
በመሃላቸው መንገድ የለም።
ትንፋሼ መስታወቱን ጉም አለበሰው።
ልቤ፣ ከውጭ የተቆለፈበት ሰው በር እንደሚደበድብ።

ከታች ሪምጋውዳስ ባትሪውን ያወዛውዛል፦
"ዳንጉዎሌ፣ ምንድን ነው? ሞተር ነው? ነፋስ ነው?"

ነፋስ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ነፋስ አይጠፋም።
ካልሲው እጄ ላይ ከቀረ ወዲህ ስንቴ ነፋስ ብያለሁ፣
ለልጆቼ፣ ለአለቃዬ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር።

አዝራሩን ተጫንሁ።
"ሞተር አይደለም" አልሁ። "እኔ ነኝ።
ታምሜያለሁ። ከቆየ ሰንብቷል።
እፈራለሁ፤ ምኑን እንደሆነ አላውቀውም።
ጠዋት ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ ያቅተኛል።"

ካልሲ! ከስንቱ ቃል መርጬ።

መስመሩ ክፍት ነበር።
ዘጠኙም ክሬን፣ ጎታች ጀልባው፣ የበሩ ዘበኛ፣
ሌሊቱን የሚሠራ ሁሉ ሰማ።
የሬዲዮ ዝምታ ባዶ አይደለም፤
ሩቅ አገር እንደሚዘንብ ዝናብ ይንሿሿል።

መጀመሪያ የተናገረው ዚግማስ ነው፣ ፎርማኑ።
አይዞሽ አላለኝም።
"አሥር ሴንቲሜትር አውርጂ" አለ። አወረድሁ።
"ደግሞ አሥር።" አወረድሁ።
ሰውዬው ሃያ ስድስት ቶን በጣት በጣት ቆርሶ
አሸከመኝ፤ ብረቱ መሬት ነካ።

ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ስሙን ያልተናገረ፣
አራት ቁጥር ክሬን ላይ መሆኑን ብቻ የማውቀው፦
"እኔን የሚያቅተኝ ጫማ ነው" አለ። "ክሩን ማሰር።"

አንድ ሰው ሳቀ።
እኔ ነበርሁ።

ፈቃዴን ያዙት። ስድስት ሳምንት መጋዘን ገባሁ፤
ገመድ ስጠቀልል፣ መንጠቆ ስቆጥር ባጀሁ።
እጄን መጨበጥ የተዉ አሉ፣ የሚጋባ መስሏቸው፤
በር ዘግተው የጠየቁኝም፣ ቃል እስኪያንቃቸው።
እናቴ ዛሬም ትቆጥራለች። ትቁጠር።
ክኒኗ ትንሽ ናት፤ አፍ ታደርቃለች፤
አንዳንድ ቀን ትሠራለች።

የአራት ቁጥሩን ሰው እስካሁን አላወቅሁትም።
ምሳ ሰዓት ላይ የሰው ጫማ አያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም አጠለቅሁ።
አንዱ ግልብጥ ነበር።
ተውሁት።